ያረጀ ቤት ገዝተን ገባን፤ ከየት እንጀምር?

ጀማሪ ባለቤት (ጥያቄ)፦

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔና ባለቤቴ ከስድስት ሳምንት በፊት ዕድሜው ከ60 ዓመት የሚበልጥ፣ በድንጋይ የተገነባ ባለ አንድ ወለል ቤት ገዝተን ከሁለት ልጆቻችን ጋር ገብተናል። ቤቱን የወደድነው በጣሪያው ከፍታ፣ በግድግዳው ውፍረትና በመስኮቶቹ ስፋት ሲሆን፣ ከመግዛታችን በፊትም ሁለት ጊዜ ተመላልሰን አይተነዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ጊዜ ያየነው በፀሐይ ነበር። ዝናብ ከጀመረ ወዲህ በምኝታ ክፍላችን የውጭ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ቀለሙ እየተላጠ፣ ከሥሩ ያለው ልስንም ጣት ሲነካው እንደ ዱቄት እየረገፈ ነው። በግዢው ጊዜ በዚህ ቦታ ትልቅ ቁም ሣጥን ቆሞ ነበር፤ የሰው ዕቃ ገፍቶ ከኋላው ማየት ነውር መስሎን አለፍነው።

ችግሩ ይህ ብቻ አይደለም። ካውያ ስንሰካ የሳሎኑ መብራት ይደበዝዛል፤ ጠዋት ጠዋት ከቧንቧ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የዝገት መልክ አለው፤ የምኝታ ክፍሉ በርም በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። የጠራነው ባለሙያ የረገፈውን ልስን አንሥቶ፣ ውሃ የማያስገባ ኬሚካል በተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶ በአራት ቀን ሊያስረክበን ተስማምቷል፤ በሩንም ያለ ክፍያ ልላግላችሁ ብሏል። ያለን ገንዘብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማሠራት አይበቃም። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር?

የድሮ ግንበኛ፦

እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ባለሙያውን ግን ለጊዜው ያቆዩት። በአራት ቀን የሚያልቀው ሥራ ግድግዳውን አያድነውም፤ ችግሩን ለሁለት ዓመት ያህል ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ዛሬ የምንጠቀምበት የፖርትላንድ ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት የተሰጠው በ1824 (እ.ኤ.አ.) ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን የድንጋይ ቤቶች በኖራ ወይም በጭቃ እየተያያዙ ይገነቡ ነበር። እንዲህ ያለ ግድግዳ ውሃን በመከልከል ሳይሆን ያስገባውን መልሶ በማስወጣት ይኖራል፤ በዝናብ ይጠጣል፣ በፀሐይና በነፋስ ይተነፍሳል። ፊቱን በሲሚንቶ ስትደፍኑት የገባው እርጥበት መውጫ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል፤ ዛሬ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ የቆመው ምልክት ከሲሚንቶው ጫፍ በላይ ሌላ መሥመር ሠርቶ ያገኙታል። ልስኑን ዱቄት የሚያደርገውም ውሃው ብቻውን አይደለም። ውሃው ከአፈርና ከድንጋይ አሟሙቶ ያመጣው ጨው ፊቱ ላይ ሲደርቅ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል፤ ጠጣሩም ቦታ ስለሚፈልግ ልስኑን ከውስጥ እየገፋ ይሰብረዋል። ረግፎ በወደቀው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ እርሱ ነው።

ስለዚህ ውስጡን ትተው ወደ ውጭ ይውጡ፤ ዝናብ እየዘነበ ሳለ ጃንጥላ ይዘው ቢወጡ ደግሞ ይበልጣል። የአሸንዳው ውሃ የት እንደሚወርድ፣ የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ፣ የግቢው ንጣፍ ወደ ቤቱ ያዘነበለ መሆን አለመሆኑን ይዩ፤ ይለኩም። ከዚያ ተመልሰው ይጻፉልን። በሩን ደግሞ አያስልጉ። ምክንያቱን ኋላ እነግርዎታለሁ።

ሽቦና ቧንቧ፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ በቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። እርጥብ ግድግዳ ሰውን በአንድ ሌሊት አይገድልም። ካውያ ሲሰካ መብራቱ የሚደበዝዝበት ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች እየተኙ ስለ ልስን ቀድሞ መነጋገር ለእኔ አይዋጥልኝም።

2000 ዋት ካውያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ጤነኛ ሽቦ ይህን በቀላሉ ይሸከማል፤ መብራቱ ጎልቶ የሚደበዝዝ ከሆነ ወይ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ መጋጠሚያው ላልቷል። የላላ መጋጠሚያ ይግላል፤ ኮርኒስ ውስጥ የሚግል ነገር ደግሞ ማንም ሳያየው ለዓመታት ይቆያል። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሽቦዎች ብዙዎቹ በጎማና በጨርቅ የተሸፈኑ ስለነበሩ፣ ዛሬ ሲያጥፏቸው ሽፋናቸው እየተሰባበረ ይራገፋል። የሚጠራው ኤሌክትሪሻን ሦስት ነገር እንዲያረጋግጥ ያድርጉ፦ የመሬት ሽቦ በእርግጥ ከእያንዳንዱ ሶኬት ጋር መገናኘቱን፣ ፊውዙ በወፍራም ሽቦ ተተክቶ አለመሆኑን፣ እንዲሁም 30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ማፈትለክ ሲኖር ኃይሉን የሚቆርጥ ብሬከር መኖሩን። ከሌለ ከቀለምም ከልስንም በፊት የሚገዛው እርሱ ነው።

የዝገቱን ውሃ በተመለከተ፣ ጠዋት ቧንቧውን ከፍተው ሰዓት ይያዙ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ከጠራ፣ ዝገቱ የተቀመጠው በቤቱ ውስጥ ባለው የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ቧንቧ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ቧንቧ ከውስጥ እየዛገ ስለሚጠብ ሁለት ቧንቧ በአንድ ጊዜ ሲከፈት የአንዱ ውሃ ይቀንሳል። እስኪቀየር ድረስ ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውሃ ለመጠጥ አይጠቀሙበት። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ከብረቱ ቧንቧ ጋር የመዳብ ቧንቧ በቀጥታ የሚያገጥም ባለሙያ ካጋጠመዎት ያስቁሙት፤ ሁለቱ ብረታ ብረቶች ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ጋልቫናይዝዱ በፍጥነት ይበላል።

ቶሎ ይለቅ፦

እኔ ተመሳሳይ ግድግዳ ነበረኝ። በእንጨት ማገር ላይ የጂፕሰም ቦርድ አስመታሁበት፤ በሁለት ቀን አለቀ፣ ቀጥ ያለና የሚያምር ግድግዳም አገኘሁ። ይህን ያህል ምርምር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የድሮ ግንበኛ፦

ቦርዱን መቼ አስመቱ? ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ከታችኛው ጠርዝ አንድ ጥግ ነቅለው ይመልከቱና ያዩትን ይጻፉልን። እርጥብ ግድግዳና በወረቀት የተሸፈነ ጂፕሰም፣ በመካከላቸውም ነፋስ የማይገባበት ጨለማ ክፍተት፣ ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም። ማገሩን ደግሞ እርጥበት የሚወድ ምስጥ ቢያገኘው አያልፈውም።

ሦስተኛ ቤቴ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሦስት አሮጌ ቤቶች ገዝቼ ያደስኩ፣ በሦስቱም እየኖርኩ ያሠራሁ እናት ነኝ። ባለሙያዎቹ ስለ ግድግዳው ነግረዋችኋል፤ እኔ በግድግዳዎቹ መካከል ስለሚኖሩት ልናገር።

ከሁሉ በፊት አንድ ክፍል ምረጡና ከሥራው ውጭ አድርጉት። በዚያ ክፍል ውስጥ መሣሪያ አይገባም፣ የቀለም ናሙና አይለጠፍም፣ ስለ ቤቱ ወጪም አይወራም። በመጀመሪያው ቤቴ ይህን ባለማድረጌ ለአምስት ወር ልብስና አልጋ ላይ የግንባታ አቧራ እያራገፍን ኖርን፤ ከባለቤቴ ጋር የተጣላንባቸው ምሽቶች ብዛት ከቆጠርናቸው ምስማሮች አይተናነስም። በሁለተኛው ቤት በሥራው ክፍልና በመኖሪያችን መካከል ወፍራም ፕላስቲክ ከኮርኒስ እስከ ወለል ዘርግተን፣ ጫፎቹን በናስትሮ አሽገን፣ ደጃፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍን። ልዩነቱ የሚታመን አልነበረም።

አቧራው ስለ ንጽሕና ብቻ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም። 60 ዓመት ባለፈው ቤት የበርና የመስኮት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዲህ ያለ ቀለም የተከለከለው በ1978 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቀለሙ ሳይነካ በቆመበት ብዙ አያሰጋም። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ወይም በእሳት ሲላጥ ግን አቧራውና ጢሱ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ሳይመረመር አትፈትጉት፤ መፈተግ ካለበትም ውሃ እየተረጨ ይሁን፣ ልጆቹም እስኪወለወል ድረስ አይግቡ። የጣሪያው ክዳን ወይም የፍሳሹ ቧንቧ የአስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሲሚንቶ ከሆነም መሰርሰርና መስበር አይገባም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፦ ከተገመተው ዋጋ ላይ 20 በመቶ ለይታችሁ እንደሌለ ቁጠሩት። አሮጌ ቤት ኮርኒሱ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚናገረው ነገር አለው። ክፍያውን በተጠናቀቀ ሥራ ልክ ከፋፍሉ፤ የመጨረሻው ክፍያ በሩ ሲዘጋ፣ ውሃው ሲወርድ፣ መብራቱ ሲበራ አይታችሁ የምትከፍሉት ይሁን። ማስታወሻ ደብተርም ያዙ። «መጀመሪያ ነግሬህ ነበር» ከሚል ክርክር ቀን የተጻፈበት አንድ መሥመር ይሻላል።

ጀማሪ ባለቤት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የታዘዝኩትን በሙሉ አድርጌያለሁ፤ ያገኘሁትን ስጽፍ ግን በገዛ ራሴ ላይ እየሳቅኩ ነው።

ከኤሌክትሪኩ ልጀምር። ሙያተኛው ከሳሎኑ በላይ ያለውን የኮርኒስ ክፍል ሲከፍት፣ ሁለት ሽቦዎች በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለው አገኘ፤ ናስትሮው ጠቁሮ ቀልጧል፣ አጠገቡ ያለው እንጨትም ጠይሟል። ያን ቀን ማታ እኔና ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ሳንነጋገር ተቀመጥን። መጋጠሚያው ተቀይሯል፣ ባለ 30 ሚሊ አምፔሩ ብሬከርም ገብቷል፤ የቀሩት ሽቦዎች በየተራ ይቀየራሉ። በነገራችን ላይ በኮሪደሩ ላይ ያለች አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ የምታበራው ነገር አልተገኘላትም፤ ሙያተኛው ራሱ ግማሽ ቀን ፈልጎ ተስፋ ቆርጧል። ልጆቹ ግን የማን እንደሆነች ሳይታወቅ እንዳትወልቅ ለምነዋል።

አሁን ወደ ግድግዳው። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። በዚያ በኩል ያለው አሸንዳ መውረጃ ቧንቧው ከመካከሉ ተቆርጦ ጠፍቷል፤ የጣሪያው ውሃ በሙሉ በምኝታ ክፍላችን ጥግ ላይ ይፈስሳል። የጣሪያውን ያን ጎን ለካሁት፤ 60 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ስለሚሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቀን 1200 ሊትር ውሃ በአንድ ጥግ ላይ እናፈስስ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ከግድግዳው ሥር ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ከውስጡ ወለል በ12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ውሃ ልክ አስቀምጬ ሳየው ደግሞ ወደ ቤቱ አዘንብሏል። የቀድሞው ባለቤት ግቢውን ያሳመሩ መስሏቸው በነባሩ መሬት ላይ ደርበው ያስነጠፉት ነው። ከንጣፉ በላይም እስከ አንድ ሜትር ድረስ ግድግዳው በውጭ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ እኛ ልናሠራ የነበረውን ሥራ ከእኛ በፊት አንድ ሰው ሠርቶታል።

እርጥበቱ ከክፍሉ አየር የመጣ እንዳይሆን ግልጽ ፕላስቲክ በአራት ጎኑ አሽጌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና ሁለት ቀን አቆየሁት። ላብ ያገኘሁት ከፕላስቲኩ በስተጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ነው። በመስኮቱ ጥግ አንድ ስንጥቅ ስላየሁም ልቤ አልረጋም። ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ?

የድሮ ግንበኛ፦

ምስክሩ ተሟልቷል። ሥራው ግን ከሚያስቡት ይቀልላል፤ ረጅም የሚሆነው መጠበቁ ነው።

በመጀመሪያ የአሸንዳውን መውረጃ ያስተክሉና ውሃውን ከግድግዳው ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁት። ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር ያለውን ንጣፍ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አስቆርጠው ያስነሡ፤ መሬቱም ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይቆፈር። ከመሠረቱ ግርጌ በታች ግን በፍጹም እንዳይወርዱ፤ ውሃን ሲሸሹ ቤቱን ከሥሩ ባዶ ያደረጉ ሰዎች አይቻለሁ። ቦታው በጠጠር ይሞላ፤ ከዚያ ውጭ ያለው መሬት ከቤቱ እየራቀ በሄደ መጠን ዝቅ ይበል፤ በመጀመሪያው ሦስት ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ በቂ ነው። የውጩን የሲሚንቶ ልስን በትንሽ መሮና መዶሻ በትዕግሥት ያስነሡት፤ በትልቅ መሣሪያ የሚመታ ሰው ድንጋዩን ያላቅቃል። በውስጥም የረገፈውን ከምልክቱ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ያስነሡ፤ ጨው የጠጣ ልስን ተመልሶ አይቀላቀል።

ከዚያ ምንም አያድርጉ። እርጥብ ግድግዳ በግምት በወር 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይደርቃል ይባላል፤ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግድግዳ በሁለቱም ፊት ቢተነፍስ እንኳ ወራት ይፈልጋል። እንግዳ ሲመጣ ድንጋዩ ገጥጦ ማየቱ ያሳፍር ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚያ የሚያምር ነገር በቤት ውስጥ አላውቅም።

ስንጥቁን በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ይጻፉበት፤ ስፋቱን በየወሩ ይለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ ካልሄደ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ጉዳይ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይም ላይኛው ጫፉ እየሰፋ ከሄደ፣ የሚጠራው ለሳኝ ሳይሆን መሐንዲስ ነው።

ሽቦና ቧንቧ፦

ግድግዳው ገጥጦ በሚቆይባቸው ወራት ቧንቧውንና ሽቦውን ያስጨርሱ። ተለስኖና ተቀብቶ ያለቀ ግድግዳ ለአንድ ሶኬት ሲባል ሲቦረቦር እንደ ማየት የሚያናድድ የለም። አዲሱ የውሃ መሥመር ሳይሸፈን በግፊት ይፈተሽ፤ ሌሊቱን አድሮ የግፊት መለኪያው ካልወረደ ይደፈን። ከመደፈኑ በፊት ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን መሥመር ፎቶ ያንሡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሥዕል ለመስቀል ምስማር ሲያነሡ ያመሰግኑኛል። ያቺን ማብሪያ ማጥፊያ በተመለከተ ከልጆቹ ጋር ነኝ፤ ሽቦዋ ኃይል ያለው መሆን አለመሆኑ ግን ይለካና ኃይል ካለው በብሬከሩ ሳጥን ላይ ይቆረጥ።

ዝምተኛ አንባቢ፦

ለረጅም ጊዜ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ መጻፌ ነው። ግድግዳው ሲደርቅ በምን ይለሰናል? በእኛ ቤት የኖራ ልስን ሞክረን በሁለት ቀን ውስጥ ተሰነጣጥቆ ወደቀ።

የድሮ ግንበኛ፦

አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ፣ በመጠን ተሰፍሮ። የእናንተ የወደቀው ሁለት ጥፋት ተደርቦበት ይመስለኛል፦ በአንድ ጊዜ ወፍራም ተደርጎ ተመርጎ ይሆናል፣ ግድግዳውም ሳይረጥብ ተለስኖ ድንጋዩ ውሃውን ጠጥቶበታል። እያንዳንዱ የልስን ንጣፍ ከ10 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ በንጣፎቹ መካከል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠበቅ፤ በእነዚያ ቀናትም በእርጥብ ጆንያ ከፀሐይና ከነፋስ ይከለል። ኖራ እንደ ሲሚንቶ በውሃ አይጠነክርም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ስለሚመለስ ጊዜ ይወስዳል። ከታች ልስኑ ወለሉን እንዳይነካ ጣት የምታህል ክፍተት ይተዉለት፤ ዞኮሎው ይሸፍናታል። በላዩ ላይም የፕላስቲክ ቀለም አይቀባ፤ የኖራ ቀለም ይበቃዋል። ኖራው ዓይን ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ሳያደርግ የሚሠራ ሰው በግቢዎ አይኑር።

ጀማሪ ባለቤት (ከዘጠኝ ወር በኋላ)፦

ይህን ውይይት ፈልገው ለሚመጡ ሰዎች ስል ተመልሻለሁ። ንጣፉ ተነሥቶ፣ ጠጠሩ ገብቶ፣ መውረጃው ከተተከለ በኋላ ግድግዳው ለስድስት ወር ገጥጦ ቆየ። ፕላስቲኩን በየወሩ እየለጠፍኩ አየሁት፤ በአራተኛው ወር ላቡ ቀነሰ፣ በስድስተኛው ጠፋ። ልስኑ በሦስት ንጣፍ ተሠራ። አሁን የዝናቡ ወቅት ተመልሶ ከገባ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቦታው በእጅ ሲዳሰስ እንደ ሌላው ግድግዳ ደረቅ ነው። የመስኮቱ ስንጥቅ ከእርሳሱ ምልክት አላለፈም።

ከለየነው 20 በመቶ ውስጥ ሁሉም አልቋል፤ የበላው ግን ግድግዳው ሳይሆን የውሃ ቧንቧው ነው፤ በወጥ ቤቱ ወለል ሥር ያለው መሥመር ሲወጣ በውስጡ የመጻፊያ እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። የንጹሑን ክፍል ምክር ተቀብለን ስድስት ወር አራታችንም በሳሎኑ ውስጥ ተኛን፤ ልጆቹ አሁን ወደየክፍላቸው ለመመለስ ቅሬታ አላቸው። የማብሪያ ማጥፊያዋ ሽቦ ተለካ፤ ኃይል የለውም። አሁንም በቦታዋ ናት።

ግንበኛው ስለ በሩ ምክንያቱን ኋላ እነግርዎታለሁ ብለውኝ ነበር።

የድሮ ግንበኛ፦

ረስቼው አልነበረም፤ ግድግዳው ራሱ እስኪመልስ እየጠበቅሁ ነበር። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል እንጂ በቁመቱ ብዙ አይረዝምም። የበሩ መቃን የተቀመጠው በዚያው እርጥብ ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ በሩም መቃኑም አብጠው ነበር። ያኔ ቢላግ ኖሮ ግድግዳው ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተርፋችሁ ነበር። አሁን እንዴት ነው?

ጀማሪ ባለቤት፦

በአንድ ጣት ይዘጋል። ባለቤቴ ግን ከልማድ የተነሣ አሁንም በትከሻዋ ትገፋዋለች።